ሦስት አሮጌ ኮምፒውተር ይዞ ከቤተሰብ ጋር ስለመጫወት፦ ከደብረ ማርቆስ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ የምኖር መምህር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ ቁጥር ሁለት የተባለውን የጦርነት ጨዋታ ስንጫወት ያነጋንባቸው ሌሊቶች እስከ ዛሬ ትዝ ይሉኛል። አሁን የ14 ዓመት ወንድ፣ የ11 ዓመት ሴትና የ8 ዓመት ወንድ ልጆች አሉኝ። ቤት ውስጥ ሁለት አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ዴስክቶፕ አለ። ለፋሲካ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ከባሕር ዳር የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል። ጨዋታውን ከሦስት የተለያዩ ሰዎች በፍላሽ ገልብጬ ጫንኩት። አንዱ ኮምፒውተር የሌላውን ጨዋታ ጨርሶ አያየውም። የተገናኙት ሁለቱ ደግሞ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ‹አውት ኦፍ ሲንክ› ብለው ይዘጋሉ። በስልኬ ሆትስፖት እንዳላገናኛቸው ዳታዬን እንዳይጨርሰው ፈራሁ። ኮምፒውተሮቹ ስላረጁ ነው? አዲስ ልግዛ? ኢትዮጵያ በጨዋታው አለች ሲሉ ሰምቼ ብፈልግ ለምን አጣኋት? ባለቤቴስ ‹ልጆቹን ጦርነት ልታስተምራቸው ነው› ትለኛለች፤ ምን ልበላት?»

ምላሽ፦ አዲስ ኮምፒውተር አይግዙ። ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ ቁጥር ሁለት በ1999 ሲወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚፈልገው 166 ሜጋኸርዝ ፔንቲየም፣ 32 ሜጋባይት ራምና 200 ሜጋባይት ያህል የዲስክ ቦታ ብቻ ነበር። እርስዎ አሮጌ የሚሉት ላፕቶፕ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የገጠመዎት ችግር ከማሽኖቹ ዕድሜ ጋር አይገናኝም፤ የመጣው ጨዋታው ከተለያየ ቦታ ተገልብጦ ስለተጫነ ነው። ለምን እንደሆነ ከተረዱ ማንኛውንም የዚህ ዓይነት ጨዋታ ያለ ባለሙያ እርዳታ ማገናኘት ስለሚችሉ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሪል ታይም ስትራቴጂ የሚባሉት ጨዋታዎች እንደ ዳማና እንደ ገበጣ ተራ አይጠብቁም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያርሳል፣ ይገነባል፣ ይዘምታል። ጨዋታው በሰከንድ 28.8 ኪሎቢት ብቻ በሚያስተላልፍ ሞደም፣ ማለትም በስልክ መስመር ኢንተርኔት በሚያስገባ መሣሪያ ላይም እንዲሠራ ታስቦ ነበር። ስምንት ተጫዋች በመቶ የሚቆጠር ሠራዊት ይዞ ሲገጥም፣ እያንዳንዱ ወታደር የት እንደቆመ በየቅጽበቱ በዚያ መስመር መላላክ የማይታሰብ ነገር ነው። ስለዚህ የጨዋታው ሠሪዎች ሌላ መንገድ ያዙ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ጦርነቱን ሙሉ በሙሉ ለብቻው ያሰላል፤ በኬብሉ የሚያልፈው ትእዛዝ ብቻ ነው። «ይህ ገበሬ ያንን ዛፍ ይቁረጥ» የሚል ትእዛዝ ለሁሉም ይደርሳል፣ ሁሉም በእኩል ቅጽበት ይፈጽሙታል፣ ውጤቱም በሁሉም ስክሪን ላይ አንድ ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ሁሉም ኮምፒውተር የያዘው ጨዋታ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር ድረስ አንድ መሆን አለበት። ሁለት ደብተራዎች ከተለያየ ድጓ ፊት ቆመው አብረው ቢያዜሙ፣ በአንደኛው መጽሐፍ አንዲት ምልክት ከተለወጠች፣ መጀመሪያ ላይ ማንም አይሰማው ይሆናል፤ እየቆየ ግን ዜማው ይለያያል። የእርስዎ ሃያ ደቂቃ ይኸው ነው። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቀስት ሲስት በሌላው ላይ ይመታል፤ ከዚያች ቀስት በኋላ ሁለቱ ኮምፒውተሮች የሚያሰሉት የተለያየ ጦርነት ነው። ጨዋታው በየጊዜው ስሌቱን ሲያመሳክር ልዩነቱን ያገኝና «አውት ኦፍ ሲንክ» ብሎ ያቆማል። ኔትወርክዎ አልተበላሸም። ከሦስት ሰው የገለበጧቸው ቅጂዎች አንዱ ማሻሻያ የተጫነበት፣ ሌላው ያልተጫነበት፣ ሦስተኛው ቅጂ ደግሞ ሰው የነካካው ሊሆን ይችላል። በጨዋታው ላይ በ2000 የወጣው «ዘ ኮንከረርስ» የሚባለው ተጨማሪ እንኳ እስከ 1.0ሲ የደረሱ የተለያዩ እትሞች አሉት፤ አንዱ 1.0፣ ሌላው 1.0ሲ ከያዘ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ሁለተኛው፣ ሁሉም የሚሄደው በደካማው ኮምፒውተር ፍጥነት ነው። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሲያዘግም ሌላው ብርቱ በመሆኑ ማረሻው አይፈጥንም። ፍኖተ ሰላም አንድ ቤት አራት ኮምፒውተር አገናኝቼ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጨዋታው በሁሉም ላይ መንቀርፈፍ ጀመረ፤ ቤተሰቡም ገና ከገበያ የተገዛውን ስዊች (ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኘውን ሳጥን) ጠረጠረ። አንዱን ላፕቶፕ ገልብጬ ሳየው የማራገቢያው አፍ በአቧራ ተደፍኗል፤ ታችኛው ገጽ እጅ አያስነካም። ኮምፒውተር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እሱ ሲቀንስ ሌሎቹ ሦስቱም አብረው ቀነሱ። በቀለም ብሩሽ ጠርገን፣ አልጋ ልብስ ላይ ተቀምጦ የነበረውን ጠረጴዛ ላይ አዛወርነውና ማታውን ሙሉ ያለ ችግር ተጫወቱ። ስለዚህ ከፋሲካ በፊት የሁሉንም ማራገቢያ ይጥረጉ፤ ላፕቶፖቹም ኃይል ቆጣቢ በሚለው ምርጫ ላይ እንዳልሆኑ ይዩ።

አንዱ ኮምፒውተር የሌላውን ጨዋታ አለማየቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የድሮው ጨዋታ ኔትወርክ ላይ የሚነጋገረው ዳይሬክትፕሌይ በሚባል የዊንዶውስ ክፍል አማካይነት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ይህ ክፍል ተዘግቶ ይመጣል፤ በኮንትሮል ፓነል የዊንዶውስ ፊቸርስ ዝርዝር ውስጥ «ሌጋሲ ኮምፖነንትስ» ከሚለው ሥር ይከፈታል። ያም ሆኖ ኮምፒውተሩ ዋይፋይም ኬብልም ካለው የድሮው ጨዋታ የተሳሳተውን ሊመርጥ ስለሚችል፣ የማይጠቀሙበትን ማጥፋት ያስፈልጋል። ጨዋታው በሁለቱም ኮምፒውተሮች ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደው የዊንዶውስ ጥበቃ) ላይ መፈቀድ አለበት። ይህን ሁሉ አልፈው ሲከፍቱት ደግሞ ሣሩ ሐምራዊ፣ ውሃው ቀይ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ የድሮው ባለ 256 ቀለም አሠራር ከኋለኛው ዊንዶውስ ጋር ስለሚጋጭ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ሳስተካክል ስንት ማታ እንዳለፈብኝ አውቃለሁ፤ ለበዓል ቀን ግን አልመክርዎትም።

ቅጂዎቹ የተሰነጠቁ፣ ማለትም ሳይገዙ እንዲሠሩ መቆለፊያቸው የተሰበረ መሆናቸውንም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጨዋታው ያረጀ ቢሆንም ባለቤት አለው፤ ዛሬም ይሸጣል። ስለተገለበጠ ነፃ አይሆንም። ከሕጉ ሌላ፣ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የተሰነጠቀ ፕሮግራም በጎጃም ከተሞች ኮምፒውተር ቤቶች ከማያቸው የቫይረስ ምንጮች ዋነኛው ነው። የተማሪ ውጤት፣ የቤተሰብ ፎቶና የባንክ መተግበሪያ በተቀመጠበት ማሽን ላይ አይጫኑት። አሁን ያሉትን ሦስቱንም ያጥፏቸው።

ኢትዮጵያን ያጧት የያዙት እትም ከእሷ በፊት የወጣ ስለሆነ ነው። የ1999ኙ ጨዋታ 13 ሥልጣኔዎች ነበሩት፤ የ2000ው ተጨማሪ አምስት ጨምሮ 18 አደረሳቸው። ኢትዮጵያ ከእነዚህ ውስጥ የለችም። የገባችው በ2015፣ በ2013 ታድሶ ለወጣው እትም በተዘጋጀ የአፍሪካ ተጨማሪ ነው፤ ከበርበሮች፣ ከማሊዎችና ከፖርቱጋሎች ጋር። በ2019 የወጣው አዲሱ እትም ውስጥም አለች። ሰዎቿ ሲታዘዙ የሚመልሱት በአማርኛ ነው፤ ልዩ ወታደሯ ሾተል ይይዛል፤ የዮዲት ጉዲትን ስም የያዘ ዘመቻም አላት። ልጆችዎ አንድ ቀን ቢሰሙት ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን አዲሱ እትም 30 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በኢንተርኔት የሚከፈት የተገዛ መለያ ይጠይቃል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። ለአራት ማሽን ይህን ሁሉ ማሟላት ለእርስዎ ቤት አሁን አይሆንም። የዮዲትን ዘመቻ ያገኙት ዕለትም ለልጆቹ ታሪክ ነው ብለው አይስጧቸው፤ ጨዋታ ሠሪ ለጨዋታ እንዲመች አድርጎ የጻፈው ነው።

የምመክርዎት ጨዋታ «ዜሮ ኤ ዲ» ይባላል። የተጠነሰሰው በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ እርስዎ የሚወዱትን ያንኑ ጨዋታ በሚወዱ ሰዎች ነው፤ መጀመሪያ ያሰቡት እሱኑ ማሻሻል ነበር፤ እየቆየ ራሱን የቻለ ሆነ። በ2009 የፕሮግራሙን ውስጥ ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ገልብጦ ለጎረቤት መስጠትም በሕግ የተፈቀደ ነው። በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። እርስዎ የለመዱት ሁሉ አለ፦ ምግብ፣ እንጨት፣ ድንጋይና ብረት መሰብሰብ፣ ቤት መሥራት፣ ከመንደር ወደ ትንሽ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ትልቅ ከተማ ማደግ። አንድ ነገር ግን ይለያል፤ ለእኛ አገር ሰው ቶሎ የሚገባ ነገር ነው። ተራው ወታደር ራሱ ገበሬ ነው። በሰላሙ ጊዜ እንጨት ይቆርጣል፣ ማዕድን ይቆፍራል፣ ቤት ይሠራል፤ ጠላት ሲመጣ ያው ሰው ጦሩን ይዞ ይወጣል። በአያቶቻችን ዘመን ክተት ሲታወጅ አራሹ ሞፈሩን ሰቅሎ እንደሚዘምተው ማለት ነው። ዘመቻው በረዘመ ቁጥር ጎተራው ባዶ እንደሚሆን ልጅ ሳይነገረው ይማራል።

ኢትዮጵያ በስሟ እዚህም የለችም፤ ከ2018 ጀምሮ ግን ኩሾች አሉ። በዛሬዋ ሱዳን የነበረችው የመርዌ ሰዎች ናቸው፤ አገራቸው ከግሽ ዓባይ የወጣው ውሃ ነጭ ዓባይን ተቀላቅሎ የሚያልፍበት ነው። ፒራሚዶቻቸው ቀጠን ብለው ሾጠጥ ያሉ ናቸው፤ በጨዋታው ውስጥም እንደዚያው ተሠርተዋል። ከጀግኖቻቸው አንዷ ሮማውያንን የተዋጋችው ንግሥት አማኒሬናስ ናት። የእነዚህ ንግሥቶች ማዕረግ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ከጃንደረባው ጋር «ህንደኬ» ተብሎ የምናነበው ነው። ለ11 ዓመቷ ልጅዎ ይህን ነግረው ኩሾችን ይስጧት።

ማውረጃው ፋይል ከአንድ ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት አንዴ ብቻ ያውርዱት፤ ከጨዋታው ዋና ድረ ገጽ እንጂ ከሌላ ቦታ አይውሰዱት። ያንኑ አንድ ፋይል በፍላሽ ይዘው አራቱም ላይ ይጫኑ። ድጓው አንድ ይሁን ያልኩት እዚህም ይሠራል፤ ይህም ጨዋታ በዚያው ስልት የሚሰላ ስለሆነ የእትም ቁጥሩ ከተለያየ አብሮ አይጫወትም። አንድ ገደብ አለው፦ የሰው ቁጥር ሲበዛ አሮጌ ማሽን ላይ ይከብዳል። የእያንዳንዱን ተጫዋች የሕዝብ ጣሪያ ከ100 አያሳልፉ፤ የጥላና የውሃ ማሳመሪያዎችንም ያጥፉ። ይህን አድርገው አንዱ ላፕቶፕ አሁንም ካቃተው «ኦፕን አር ኤ» የሚባለውን ይሞክሩ። በ1996 የወጣውንና ባለቤቱ ኩባንያ በ2008 በነፃ የለቀቀውን ሬድ አለርት የተባለ የዚሁ ዓይነት ጨዋታ በአዲስ አሠራር የሚያጫውት ነው፤ በጣም ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ይዘቱን ለማውረድ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ታንክና አውሮፕላን ያለበት ስለሆነ ግን ለትንሹ ልጅ አላስቀድመውም።

ወደ ማገናኘቱ ልምጣ። ሆትስፖት ዳታ ይጨርሳል የሚለው ፍርሃት ግማሹ ልክ ነው። ጨዋታው ራሱ ምንም ዳታ አይነካም፤ ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩት እርስ በርስ ነው፤ የስልክዎን ዳታ አጥፍተው ሆትስፖቱን ብቻ ቢከፍቱ ይሠራል። ዳታው ክፍት ከሆነ ግን አራት ዊንዶውስ «ኢንተርኔት ተገኘ» ብለው ማሻሻያ ማውረድ ይጀምራሉ፤ ጥቅልዎን የሚበሉት እነሱ ናቸው። አንዳንድ ስልኮች ደግሞ ሆትስፖቱ ላይ ያሉ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ስለሚከለክሉ፣ በወንድምዎ ስልክም ይሞክሩ። ለአንድ ማታ ይበቃል።

ለዘለቄታው ግን አምስት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ስዊችና አራት የኔትወርክ ኬብል ይግዙ። ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ሲነጻጸር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ኬብል ደግሞ እንደ ዋይፋይ አይቆራረጥም። ቀጭን ላፕቶፕ የኬብል ቀዳዳ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ማገናኛ አለ። ስዊቹ አድራሻ አያድልም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር በእጅዎ ቁጥር ይስጡት፦ ለአንዱ 192.168.1.11፣ ለሁለተኛው 192.168.1.12፣ እንዲሁ እያለ እስከ 14። ማስኩ ለሁሉም 255.255.255.0 ነው፤ ጌትዌይ የሚለውን ባዶ ይተዉት። አንዱ ጨዋታውን ይከፍታል፤ ሌሎቹ የእሱን አድራሻ ጽፈው ይገባሉ። ዝርዝር ውስጥ እስኪታይ መጠበቅ የለም፤ በዚህም ከድሮው ይሻላል። መጀመሪያ ሲከፈት ዊንዶውስ ፋየርዎል ይጠይቃል፤ ለግል ኔትወርክ ብቻ ፈቅደው ይለፉ። ጥያቄው ካለፈዎት፣ ጨዋታው የሚነጋገርበት የዩዲፒ 20595 በር በፋየርዎሉ መፈቀዱን ያረጋግጡ። ፋየርዎሉን ጨርሶ አጥፉት የሚልዎትን ሰው አይስሙት፤ አጥፍቶ የሚያስታውስ የለምና ልጁ ነገ ኢንተርኔት ቤት ይዞት ሲሄድ ገላጣ ይሆናል።

መብራትን ሳላነሳ ብተወው ምክሬ ጎዶሎ ይሆናል። ጨዋታውን የሚከፍተው ኮምፒውተር ከጠፋ ጨዋታው ለሁሉም ያበቃል፤ ሌላው ከጠፋ ግን ተመልሶ መግባት ይችላል። ስለዚህ ጨዋታውን የሚከፍተው ባትሪው ጤነኛ የሆነው ላፕቶፕ ይሁን፤ ዴስክቶፑ ፈጣን ቢሆንም ለዚህ አይመረጥም። ስዊቹም መብራት ሲጠፋ እንደሚጠፋ አይርሱ። የብዙ ትናንሽ ስዊቾች ኃይል 5 ቮልት ነው፤ እንዲህ ያለውን በተስማሚ ገመድ ከፓወር ባንክ ላይ መሰካት ይቻላል። መለያው ላይ 9 ወይም 12 ካለ ግን አይሞክሩት። መብራት እንደጠፋ ዴስክቶፑን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ማሽን የሚያቃጥለው መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው። አራቱንም በአንድ ርካሽ ማከፋፈያ ላይ ከምድጃው ጋር አይሰኩ።

አሁን ባለቤትዎ ወዳነሱት ልምጣ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነውና በቀልድ አይለፉት። እርስዎ የተጫወቱበት ጨዋታ በአሜሪካ የዕድሜ ምደባ ከ13 ዓመት በላይ ላሉ ነው የተባለው። የ14 ዓመቱ ደርሷል፤ የ11 ዓመቷ ከእርስዎ ጋር ሆና ትጫወት፤ የ8 ዓመቱ ግን ብቻውን አይቀመጥ። መልሱ ከሞላ ጎደል ያለው ጨዋታው እንዴት ተከፍቶ እንደሚጀመር ላይ ነው። እንደ ዩኒቨርሲቲው ዘመን ሁሉም በሁሉም ላይ ከዘመተ፣ በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ እርስዎ የልጅዎን መንደር ያቃጥላሉ፤ ልጁም ሁለተኛ አይመጣም። አጎትየውም እንዲሁ። ሁሉም የቤተሰቡ ሰው በአንድ ወገን ይሁን፤ ቡድኑ እንዳይፈርስ ይቆለፍ፤ ተቃራኒው ኮምፒውተሩ ራሱ ይሁን። የኮምፒውተሩ ብርታት በደረጃ ይመረጣል፤ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ጨርሶ አያጠቃም፤ ለመጀመሪያው ቀን እሱን ይውሰዱ። የሰላም ጊዜ የሚባል ምርጫም አለ፤ ያስቀመጡት ደቂቃ እስኪያልቅ ማንም ማንንም መንካት አይችልም። ሠላሳ ደቂቃ ይስጡት። ማሸነፊያውን ደግሞ «ድንቅ ሕንፃ» በሚለው ያድርጉት፤ ትልቁን ሕንፃ ሠርቶ ጊዜው እስኪሞላ የጠበቀ ያሸንፋል። ያኔ ጨዋታው ስለማረስ፣ ስለመገንባትና የሠሩትን ስለመጠበቅ ይሆናል። ባለቤትዎን በቃል አያሳምኗቸው፤ አንድ ማታ አጠገባቸው ወንበር አድርገው ያሳዩዋቸው።

አምስት ሰው፣ አራት ማሽን አለዎት። ይህን እንደ ጉድለት አይዩት። ትንሹ ልጅ ከእርስዎ ጋር አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ፤ ማውሱ የእሱ፣ ኪቦርዱ የእርስዎ ይሁን። ቡሬ አንድ ቤት እንዲህ ሲጫወቱ አይቻለሁ። ሕፃኑ አባቱ ጭን ላይ ሆኖ ቤሪ የሚለቅሙትን ሴቶች ብቻ ይጠብቃል፤ ሥራ ፈትታ የቆመች አንዲት ሴት ካየ «አባባ፣ ይቺ ቆማለች!» ይላል፤ ጠቅ አድርጎ ወደ ቁጥቋጦው ይልካታል። ታላቅ እህቱ ማዶ ጠረጴዛ ላይ «አያ፣ እንጨት ላክልኝ፣ በሩ ሊሰበር ነው» ስትል ወንድሟ ግብር ላከላት፤ በጨዋታው ውስጥ ለወገን ንብረት መላክ ይቻላልና። አባትየው በዚያ ማታ አንድም ጦርነት አልመራም። ለልጆች ሥራ ሲከፋፈል እንዲህ ይሁን፦ አንዱ እርሻ፣ አንዱ ግንብ፣ አንዱ ንግድ። በወገን ገበያዎች መካከል የሚመላለስ ነጋዴ ገበያዎቹ በተራራቁ ቁጥር የበለጠ ያተርፋል፤ ይህ ለ11 ዓመቷ የሚሆን ሥራ ነው፤ መንገዱን ማስጠበቅ ደግሞ የታላቅ ወንድሟ ሥራ ይሁን።

ወንድምዎ ልምድ ያለው ከሆነ እጁን ያዝ ያድርግ። ፈጣን አዋቂ በጨዋታው ውስጥ ሁሉን ነገር ራሱ ሠርቶ ልጆቹን ተመልካች ያደርጋቸዋል፤ ቤተሰብ አብሮ መጫወት ሲተው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። የእሱን የሕዝብ ጣሪያ ለብቻ መቀነስ ካልቻላችሁ፣ ከእርሻ በቀር ምንም እንዳይነካ ቀድማችሁ ተስማሙ። ሕፃናቱ ሲጠይቁት ይንገራቸው፤ ማውሳቸውን ግን አይቀማ።

ጊዜውን ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ፤ እዚህ ነጥብ ላይ አልለሳለስም። አንድ ጨዋታ፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ መዝጋት። እነዚህ ጨዋታዎች መጨረሻቸው ሩቅ ስለሆነ «አሁን ልጨርስ ነው» የሚል ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት አይጨርስም። በየሃያ ደቂቃው ጨዋታውን አቁማችሁ ሁሉም በመስኮት ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለሃያ ሰከንድ ይመልከት፤ ዓይንን የሚያደክመው ከቅርብ ሳይነቅሉ ማፍጠጥ ነው። ክፍሉን አጨልማችሁ አትጫወቱ። ቡና ሲፈላ ይቁም፤ ማንም አይጎዳም። ራስ ምታት የሚመላለስበት ወይም ሰሌዳ ማየት የሚቸገር ልጅ ካለ ግን ጥፋቱን በጨዋታው ላይ ጥለው አይቀመጡ፤ ዓይኑን ያሳዩት።

በቅደም ተከተል እንዲህ ያድርጉ። በዚህ ሳምንት ሦስቱን የተገለበጡ ቅጂዎች አጥፍተው ማሽኖቹን በጸረ ቫይረስ ይፈትሹ፤ ማራገቢያዎቹን ይጥረጉ። ፋይሉን አንዴ አውርደው በቤት ያሉት ሦስቱ ላይ ይጫኑ፤ ስዊቹንና ኬብሎቹን ይግዙና አድራሻዎቹን ይስጡ። ከበዓሉ በፊት ባለ አንድ ማታ ከትልቁ ልጅዎ ጋር ሁለታችሁ ብቻ አርባ ደቂቃ ተጫውታችሁ ፈትኑት፤ ሃያኛዋን ደቂቃ ካለፈ ቅጂው አንድ ነው ማለት ነው። ለወንድምዎ ደግሞ ከባሕር ዳር ሳይነሳ ይደውሉለት፦ የጫኑትን እትም ቁጥር በጨዋታው መግቢያ ገጽ ላይ አንብበው ይንገሩት፤ እሱም ከዚያ ሌላ እንዳይጭን፣ ካልቻለም ባዶ ላፕቶፕ ይዞ እንዲመጣና ከእርስዎ ፍላሽ እንዲጭን። የላፕቶፑን ቻርጀር እንዳይረሳም ያስታውሱት።